ፕሮሰሰሩ ስንት ዲግሪ ላይ ነው?

በነሐሴ 1998 እ.ኤ.አ. ኢንቴል አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ባንድ ላይ ለገበያ አወጣ። አንዱ በ450 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ፔንቲየም 2 ሲሆን ዋጋው 669 ዶላር ነበር። ሌላው በ300 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሴሌሮን 300ኤ፣ ዋጋው 149 ዶላር። ገዢው እንደ ኪሱ እንዲመርጥ ነበር የታሰበው። ብዙም ሳይቆይ ግን ነገሩ የገባቸው ሰዎች የሴሌሮኑን ዋጋ እየከፈሉ የፔንቲየሙን ፍጥነት ይዘው ወደ ቤታቸው መግባት ጀመሩ። ኦቨርክሎኪንግ፣ ማለትም ፕሮሰሰርን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ፣ ከጥቂት ሞካሪዎች እጅ ወጥቶ ተራው ተጠቃሚ ዘንድ የደረሰው በዚህች ርካሽ ቺፕ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፕሮሰሰር ፍጥነት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፤ አንደኛው ከማዘርቦርዱ የሚመጣው መነሻ ምት፣ ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ ያንን ምት የሚያባዛበት ቁጥር። የ300ኤ ማባዣ 4.5 ነበር፤ ኢንቴል ቆልፎበታል። መነሻ ምቱ ደግሞ 66 ሜጋኸርዝ ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ ወደ 300 ይጠጋሉ። በዚያው ዓመት የወጡት አዳዲስ ማዘርቦርዶች ግን መነሻውን ወደ 100 ማድረስ ይችሉ ነበር። 100 በ4.5 ሲባዛ 450 ይመጣል፤ የተቆለፈውን ማባዣ መንካት ሳያስፈልግ። አቢት ቢኤች6 በተባለው ማዘርቦርድ ላይ ይህን ማድረግ ባዮስ የሚባለውን የማዘርቦርዱን ማስተካከያ ከፍቶ ከዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር መምረጥ ብቻ ነበር። ምርጫውን በማይሰጡት ላይ ደግሞ ሰዎች ሌላ ብልሃት አገኙ። ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ በሚሰካበት ጠርዝ ከተደረደሩት ቀጫጭን መገናኛዎች መካከል ቢ21 የምትባለዋን በትንሽ ፕላስተር ቁራጭ ይሸፍናሉ። ማዘርቦርዱ የመነሻ ምቱን መጠን የሚያውቀው በዚያች መገናኛ በሚያልፍ ምልክት ነበርና፣ ምልክቱ ሲቋረጥበት ፕሮሰሰሩ የ100 ነው ብሎ ይቀበላል።

ለመሆኑ የ300 ተብሎ የተሸጠ ቺፕ 450ን እንዴት ቻለው? ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ፍጥነት የተለየ ቺፕ አይሠራም። ከአንድ ክብ የሲሊከን ዝርግ ላይ በርካታ ቺፖች ተቆርጠው ይወጣሉ፤ ከዚያ ይፈተናሉ፤ እንደ ውጤታቸው ይመደባሉ። ገበያው ርካሹን አብዝቶ ሲጠይቅ፣ ለውዱ የሚበቃውም ቺፕ የርካሹ ስም ተጽፎበት ይሸጣል። በዚያ ላይ 300ኤ 128 ኪሎባይት የሆነ የቅርብ ማህደረ ትውስታ በራሱ አካል ላይ ነበረው፤ በፕሮሰሰሩ ሙሉ ፍጥነትም ይሠራል። የፔንቲየም 2ው በመጠን አራት እጥፍ ቢሆንም የሚሄደው በግማሽ ፍጥነት ነበር። በጌም ላይ ሁለቱን መለየት ያስቸገረው ለዚህ ነው።

ርካሽ ቺፕ ከተጻፈበት ፍጥነት በላይ መሥራት መቻሉ የሌቦችንም ዓይን ስቧል። ከ300ኤ ቀደም ብሎም የርካሹን ፕሮሰሰር ጽሑፍ ፍቀው በውዱ ስም የሚሸጡ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ማባዣው እንዲቆለፍ አንዱ ምክንያት እነሱ ናቸው። ኢንቴል ቁልፉን ለደንበኛ በይፋ ከፍቶ መሸጥ ልማድ ያደረገው በ2011 ስማቸው በ«ኬ» ከሚያበቃው እንደ 2500ኬ ካሉት ፕሮሰሰሮች ጋር ነው፤ እርግጥ ለቁልፉ ዋጋ ጨምሮበት።

ፍጥነቱ በነፃ አልመጣም፤ ዋጋው የሚከፈለው በሙቀት ነው። በቺፑ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች በተከፈቱና በተዘጉ ቁጥር ኃይል ይወስዳሉ፤ የወሰዱት ኃይል ደግሞ መጨረሻው ሙቀት ነው። ፍጥነት ሲጨምር ሙቀቱ በዚያው ልክ ይጨምራል። ቮልቴጅ ሲጨምር ግን ጭማሪው በራሱ ተባዝቶ ነው የሚመጣው። ክፋቱ ፍጥነቱ ከፍ ባለ ቁጥር ቺፑ ሳይሳሳት ለመሥራት ተጨማሪ ቮልቴጅ መጠየቁ ነው። 100 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር ፍጥነቱ በ10 በመቶ ቢጨምርና ቮልቴጁ ከ1.20 ወደ 1.32 ከፍ ቢል 133 ዋት ይደርሳል። ለአንድ አስረኛ ፍጥነት የአንድ ሦስተኛ ሙቀት መክፈል ማለት ነው፤ ያውም ሁሉም ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማይሰፋ ቦታ ላይ የሚፈልቅ ሙቀት። ስለዚህ አንድ ሰው «5.5 ጊጋኸርዝ አደረስኩት» ብሎ ሲኩራራ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ በሙሉ ጭነት ስንት ዲግሪ ላይ ይቆማል?

ይህን ለመመለስ መለኪያው ራሱ እንዴት እንደሚያስብ ማወቅ ይጠቅማል። በዛሬ ፕሮሰሰሮች እያንዳንዱ ኮር (ራሱን ችሎ የሚያሰላ የፕሮሰሰሩ ክፍል) ውስጥ የተቀበረ ዲጂታል የሙቀት መለኪያ አለ። በኢንቴሎቹ ላይ ይህ መለኪያ «70 ዲግሪ ነኝ» አይልም፤ «ከጣሪያዬ 30 ዲግሪ ይቀረኛል» ነው የሚለው። ጣሪያው በብዙዎቹ 100 ዲግሪ ስለሆነ፣ ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊውኢንፎ የሚባሉት ፕሮግራሞች ቀንሰው 70ን ያሳዩናል። መለኪያው የተሠራው ጣሪያውን ለመጠበቅ ነውና ወደ ላይ ሲጠጋ ነው አስተማማኝ የሚሆነው። ኮምፒዩተሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ የሚያሳየው 31 ዲግሪ ላይ ብዙ ባይከራከሩ ይሻላል። ማየት የሚገባው ከፍተኛውን የሚመዘግበውን ዓምድ ነው፤ እሱም በአማካይ ሳይሆን ከኮሮቹ ሁሉ የጋለውን።

መለኪያና ጥበቃ አብረው ባልዳበሩበት ዘመን ምን ይደርስ እንደነበር በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለው ድረ ገጽ ያወጣው ቪዲዮ በግልጽ አሳይቷል። ጌም እየሄደ ሳለ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ አነሱት። የኢንቴሉ ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ እያዘገመም ቢሆን ቀጠለ። የተፎካካሪው የኤኤምዲ አትሎን ግን በቅጽበት ጭስ አወጣ፤ በዚያው ሞተ። ዛሬ የሁለቱም ኩባንያ ፕሮሰሰሮች ጣሪያቸው ሲቃረብ ራሳቸው ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ካልበቃ ኮምፒዩተሩን ያጠፉታል። ያለ ጥንቃቄ ኦቨርክሎክ ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጣው ፕሮሰሰሩን ሳይሆን ፍጥነቱን ነው። ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ይጽፋል፤ ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ ራሱን ለማዳን ከመነሻው በታች ይወርዳል።

ከሙቀቱ ሌላ የሚፈራው ዝምተኛ ስሕተት ነው። እሱን ለመፈተሽ ስሙ የገነነው ፕራይም95 ሲሆን፣ ጆርጅ ዎልትማን በ1996 በጀመረው ግዙፍ ፕራይም ቁጥሮችን (በ1ና በራሳቸው ብቻ የሚካፈሉትን) የማደን ፕሮጀክት ውስጥ የተወለደ ፕሮግራም ነው። ሥራው ፕሮሰሰሩን በማያቋርጥ ብዜት ማስጨነቅና ውጤቱን ከታወቀው መልስ ጋር ማመሳከር ነው። ኮምፒዩተሩ ሳይቆም፣ ሰማያዊ ስክሪን ሳያሳይ፣ ከኮሮቹ አንዱ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ይይዘዋል። ዊንዶውስ በሰላም ተነሣ፣ ጌሙም ሄደ ብሎ ሥራውን የጨረሰ ሰው፣ ከወር በኋላ የተበላሸ ፋይል ሲያገኝ ሃርድ ዲስኩን ይወቅሳል። ጥንቁቁ ግን በ100 ሜጋኸርዝ ብቻ ይጨምራል፣ ይፈትናል፣ ሙቀቱን ያነባል፣ እንደገና ይጨምራል። ጭራሽ አልነሣ ካለው ኮምፒዩተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ ይመልሳታል፤ ባዮሱ የተጻፈበትን ሁሉ ረስቶ ወደ ፋብሪካው ቁጥር ይመለሳል።

የውድድር ዓለም ሌላ ነው። በ2022 መገባደጃ አንድ የኢንቴል ፕሮሰሰር በፈሳሽ ሂሊየም ቀዝቅዞ ከ9 ጊጋኸርዝ አልፏል። ሂሊየም የሚፈላው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ ነው፤ ይህ ለክብረ ወሰን እንጂ ለቤት አይሆንም።

ቤት ውስጥ ያለው እውነት ደግሞ ከ1998ቱ ፈጽሞ ተለውጧል። ያን ጊዜ ፋብሪካው ለተጠቃሚው የተወው ክፍተት ግማሽ ያህል ነበር፤ 300ው 450 ሆኗል። አሁን ያንን ክፍተት አምራቾቹ ራሳቸው ወስደውታል። ከ2008 ወዲህ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸውንና ኃይላቸውን እያዩ በራሳቸው ይፈጥናሉ፤ በ2024 የወጣው የኢንቴል 14900ኬኤስ ማንም ሳይነካው 6.2 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ኤኤምዲም የ2022ቱን ራይዘን 7000 ሲያወጣ፣ በከባድ ሥራ ላይ 95 ዲግሪ መቆሙ የታሰበበት እንጂ ጉድለት እንዳልሆነ ገልጿል። የአምራቾቹ ፉክክር ያስከተለው መዘዝ ለመታየት ብዙም አልቆየም። በዚያው 2024 ኢንቴል አንዳንድ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ በማይመለስ ሁኔታ እንደሚጎዱ አምኖ ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ዛሬ ሙያው ያለው ቮልቴጅ በመቀነስ ላይ ነው። ፍጥነቱን ሳይነኩ ቮልቴጁን ጥቂት ጥቂት ማውረድና ስሕተት ሳይመጣ የት እንደሚቆም መፈለግ። የቅድሙ ስሌት እዚህ ለእኛ ይሠራል፤ ትንሽ ቅናሽ ብዙ ሙቀት ይዞ ይወርዳል።

አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚሞክር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማስላት አለበት። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደት ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። በውኃ ማቀዝቀዝም አያስመልጥም፤ ውኃው ሙቀቱን መጨረሻ ላይ የሚያራግፈው ለዚያው አየር ነው። የሚክሰን የክፍላችን ቅዝቃዜ ነው፤ ፕሮሰሰር ሁልጊዜ የሚግለው ካለበት ክፍል ተነሥቶ ነውና። የድሬዳዋው ሰው ወፍራም አየር አለው፤ ግን ከ20 ሳይሆን ከ30 ዲግሪ ይነሣል። ውጭ አገር ያለ ወዳጅ «የእኔ 72 ነው» ሲል የክፍሉን ሙቀት ቀንሶ ማወዳደር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሁለቱ ቁጥሮች አይገናኙም።

አቧራችንም አለ። በጋውን ሙሉ የሠራ ዴስክቶፕ ሲከፈት በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ግራጫ ምንጣፍ ይገኛል፤ ከሥሩ ደግሞ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የተቀባው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቆ ይታያል። ፍጥነት ከመጨመር በፊት ሁለቱን መጨረስ ይቀድማል። ማራገቢያውን በጣት ይዞ በብሩሽ መጥረግ፣ አሮጌውን ፔስት በአልኮል ማንሣት፣ የአተር ፍሬ ያህል አዲስ መሐል ላይ አድርጎ ብሎኖቹን በሰያፍ ተራ በተራ ማጥበቅ። ከዚያ ፈትኖ አሁንም ከ90 ዲግሪ የማይወርድ ከሆነ፣ ባዮስ ውስጥ የኃይል ገደቡን ለምሳሌ ከ125 ወደ 95 ዋት ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ጌም ላይ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ አይታወቅም።