ፕሮጀክት፦ ከክለብ በፊት ያለው ኳስ

በአቃቂ ቃሊቲ ብዙው ልጅ ኳስ የሚማረው ክለብ ገብቶ ሳይሆን ፕሮጀክት ገብቶ ነው። ፕሮጀክት ማለት አንድ አሰልጣኝ፣ በርከት ያሉ ታዳጊዎች፣ ጥቂት ኳሶችና ከሌላ ቡድን ጋር በሰዓት የሚጋሩት ሜዳ ነው። አሰልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞ ተጫዋች ነው። ቀን ሌላ ሥራ ውሎ አሥር ሰዓት ላይ ፊሽካውን አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ክፍያ ካገኘም የትራንስፖርት ያህል ነው።

ልጆቹ አይከፍሉም፤ ቢበዛ ለኳስ መግዣ ያዋጣሉ። አሜሪካ ግን ሌላ ነው። እዚያ ጥሩ ቡድን ውስጥ ለመጫወት ወላጅ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል፣ ልጁንም ከከተማ ከተማ ያመላልሳል። በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን አምበል የሆነው ክሊንት ዴምፕሲ በልጅነቱ ለልምምድ ከናኮዶቸስ እስከ ዳላስ ሦስት ሰዓት ይጓዝ ነበር። ቤተሰቡ ወጪው ከብዶት ሲያቋርጥ የሌሎች ልጆች ወላጆች ባይደግፉት ኖሮ ዛሬ ስሙን ላናውቀው እንችል ነበር።

እኛ ጋ ድህነት ልጁን በር ላይ አይመልሰውም፤ ካስገባው በኋላ ነው የሚያጣራው። ታኬታ የሌለው፣ ከፊቱ ያለው ቡድን ልምምድ እስኪጨርስ ጠብቆ ከጓደኛው ይዋሳል፤ ከሰፋው ካልሲ ይደርባል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖረው የታክሲ ሳንቲም ባጣ ቀን ይቀራል። ቁርስ ሳይበላ የመጣውን ደግሞ አሰልጣኙ ከሩጫው ያውቀዋል።

አቃቂ የፋብሪካ ሰፈር ነው። በአገራችን ፋብሪካና ኳስ የቆየ ዝምድና አላቸው፦ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን የአገር ሻምፒዮን ነበር፣ ሙገር ሲሚንቶም ለዓመታት በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቷል። ዛሬ ብዙ ክለቦችን የያዙት የከተማ አስተዳደሮች ናቸው፤ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተው አቃቂ ቃሊቲም የክፍለ ከተማው ቡድን ነው።

ገንዘቡ ግን የሚወጣው ለደረሰ ተጫዋች ነው። የወንዶቹ ክለቦች በ2011 ዓ.ም. የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ እስከመስማማት ደርሰው ነበር። ውሉ አጭር ነው፤ ሲያልቅ ተጫዋቹ የፊርማ ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ሌላ ክለብ ያልፋል። የዝውውር ሂሳብ ከሌለ ደግሞ ላሳደገው የሚቆረጥ ነገር የለም።

ፊፋ ለዚህ ሕግ አለው። ተጫዋች ወደ ውጭ ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ዘግይተዋል፤ ሜጀር ሊግ ሶከር ይህን ድርሻ እንደሚጠይቅ ያሳወቀው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። የሰፈር ፕሮጀክት ግን ክለብ ሆኖ ካልተመዘገበ ልጁ አውሮፓ ቢገባም አይደርሰውም። ቢመዘገብም ልጁን ማሠልጠኑን ማስረዳት አለበት። ስለዚህ ለእኔ ከአካዳሚ ሕንፃ በፊት የሚያስፈልገው፣ ልጁ በስንት ዓመቱ ከየትኛው አሰልጣኝ ጋር እንደነበረ የሚይዝ ተራ መዝገብ ነው።