ናርዶስ፦ ከሂማላያ ተራሮች የሚወጣው መዓዛ

በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ዕለት ቤተ ክርስቲያናችን በቢታንያ በጌታችን ላይ ሽቱ ያፈሰሰችውን ሴት ታስባለች፤ ዕለቱም «የመልካም መዓዛ ቀን» ይባላል። ቅዱስ ማርቆስና ቅዱስ ዮሐንስ ሽቱው ናርዶስ እንደ ነበረ፣ በ300 ዲናር ሊሸጥ ይችል እንደ ነበረም ጽፈዋል። አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበርና ይህ ገንዘብ የአንድ ዓመት ድካም ዋጋ ያህል ነው። የናርዶስን ስም በየዓመቱ እንሰማለን፤ ለሴቶች ልጆቻችንም መጠሪያ አድርገነዋል። ይሁን እንጂ ምን ዓይነት ተክል እንደ ሆነና ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ እምብዛም አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ በአጭሩ እንመለከታለን።

ተክሉና ሀገሩ

አብዛኞቹ ሊቃውንት በመጻሕፍት የተጠቀሰው ናርዶስ በሳንስክሪት ቋንቋ «ጃታማንሲ» የሚባለው ዕፅ እንደ ሆነ ይስማማሉ። የሚበቅለው በኔፓል፣ በሰሜን ሕንድ፣ በቡታንና በደቡብ ምዕራብ ቻይና ተራሮች፣ ከ3,000 እስከ 5,000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ከመኖሪያው ከፊሉ ከራስ ዳሽን ጫፍ ጋር የሚተካከል ብርዳማ ስፍራ ነው ማለት ነው። ቁመቱ አጭር፣ አበባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው። ዋጋው ግን ያለው ከመሬት በታች ነው፤ ሥሩ ቡናማ በሆነ ጭረት የተሸፈነ ሲሆን የተቆላለፈ ጠጉር ይመስላል። «ጃታ» የሚለው ቃል ትርጉምም ይኸው ነው።

በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው፣ የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ንግድ የሚተርከው መጽሐፍ፣ ናርዶስ ከሕንድ ወደቦች ከሚጫኑት ሸቀጦች አንዱ እንደ ነበረ ይናገራል። የአክሱማውያን ወደብ አዱሊስም በዚሁ መጽሐፍ ተጠቅሳለች።

በአዩርቬዳ ያለው ቦታ

አዩርቬዳ የሕንድ ጥንታዊ የሕክምና ሥርዓት ነው። የሰው ጤና ቫታ፣ ፒታና ካፋ በሚባሉ ሦስት ኃይሎች ሚዛን ላይ የቆመ ነው ብሎ ያስተምራል። ጃታማንሲ ሦስቱንም ያስማማል ተብሎ ስለሚታመን ከፍ ያለ ስፍራ አለው። የሥርዓቱ ዋና መጽሐፍ የሆነው «ቻራካ ሳምሂታ» ዕፁን ንቃተ ኅሊናን ከሚመልሱ መድኃኒቶች ጋር ይመድበዋል። ባለመድኃኒቶቹ የሥሩን ዱቄት ወይም ፍል ውኃ እንቅልፍ ላጣ፣ መንፈሱ ለታወከና የሚጥል ሕመም ላለበት ሰው ያዝዛሉ። በሰሊጥ ዘይት አፍልተውም ለራስ ጠጉርና ለቆዳ ይቀቡታል። የሂማላያ ሰዎች ደግሞ ለዕጣን ይጠቀሙበታል።

ዘመናዊ ተመራማሪዎች ከሥሩ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን ለይተው አውጥተዋል፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም የማረጋጋት ጠባይ ታይቶበታል። በሰው ላይ የተደረገው ጥናት ግን ገና ጥቂት ነው። ስለዚህ ማንም ሐኪም ያዘዘለትን የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ትቶ በዚህ ሊተካ አይገባውም። ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር መቀላቀልም አደጋ አለው። በገበያ ላይ ካሉት የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በአንዳንዶቹ ውስጥ እርሳስና ሜርኩሪ መገኘታቸውንም በውጭ ሀገር የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉ።

ሥሩ ሲነቀል

ቅጠሉ የሚፈለግ ተክል ቢቀጠፍ ዳግመኛ ያቆጠቁጣል። ሥሩ የሚፈለግ ተክል ግን ተነቅሎ ከተወሰደ ዘር ሳይተካ ሊያልቅ ይችላል። ናርዶስ በብርዳማ ስፍራ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ከ100 ኪሎ ደረቅ ሥር የሚገኘው ዘይትም ከ2 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ለጥቂት ዘይት ብዙ ተክል ይነቀላል። እ.ኤ.አ. በ1997 የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት ናርዶስን በጥበቃው ሥር አገባ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም እጅግ አስጊ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዕፅዋት መድቦታል።

ይሁን እንጂ ነገሩን በክልከላ ብቻ መፍታት አይቻልም። በምዕራብ ኔፓል ተራሮች ለሚኖሩ ብዙ ድሆች ቤተሰቦች ይህ ሥር ከጥቂት የገንዘብ ምንጮቻቸው አንዱ ነው። ኔፓል ጥሬው ሥር እንዳይወጣ ከልክላ፣ በሀገር ውስጥ ተጣርቶ በፈቃድ እንዲሸጥ ማድረጓ ስለዚህ ነው። ዘር ካፈራ በኋላ ብቻ መልቀም፣ የሥሩን ከፊል በመሬት ውስጥ ማስቀረት፣ መስኩን በየተራ ማሳረፍና በማሳ ማልማትም ይመከራል።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

በሀገራችን ብቻ የሚበቅለው ቀበርቾም ሥሩ ተቆፍሮ የሚሸጥ ነው። ለሳልና ለራስ ምታት እንታጠነዋለን፤ ቤታችንንም እናጥንበታለን። በገበያ ስንገዛው ግን የሚተካውን የተከለ ማን እንደ ሆነ አንጠይቅም። የገዳማትና የአድባራት ቅጥር ደን ለብዙ ሀገር በቀል ዕፅዋት መጠጊያ ሆኖ ቆይቷል፤ በዚያው ቅጥር የመድኃኒት ችግኝ መደብ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ዘር መሰብሰብ ይችላሉ፤ አዋቂዎች አባቶችና እናቶችም የዕፅዋቱን ስምና ጥቅም ያስተምሯቸው። ለነቀልነው ሥር ምትክ መትከል የተሰጠንን ፍጥረት የመጠበቅ አደራችን አካል ነው።