አሮጌ ኪቦርድ «ሞቷል» ከመባሉ በፊት

የኮምፒዩተር ኪቦርድ በየዕለቱ ጣታችን የሚያርፍበት፣ ነገር ግን ውስጡ ምን እንዳለ ብዙም የማንጠይቀው መሣሪያ ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩት ከባድ ኪቦርዶች ከመጋዘን ሲወጡ የሚጠብቃቸው ፍርድ አጭር ነው፤ ተሰክተው ካልሠሩ «ሞተዋል» ተብለው ይጣላሉ። ይህ ፍርድ ግን በርካታ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ስሕተቱም የሚመነጨው ከቁልፉ ሥር ያለው ስዊች የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ዘዴ ከመመርመር ነው። በዚህ ጽሑፍ የስዊቾቹ ዓይነት እንዴት እንደሚለይና ልዩነታቸው በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ምን እንደሚመስል ለመዳሰስ እንሞክራለን።

ወደ ስዊቹ ከመግባታችን በፊት ስለ መሰኪያው አንድ ነገር እናስቀድም። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1981 ካወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ጋር የቀረበው ኪቦርድና በ1984 ከወጣው ኤ.ቲ. ጋር የቀረበው ኪቦርድ ሁለቱም ባለ 5 ፒን ክብ መሰኪያ አላቸው። መሰኪያው አንድ ይሁን እንጂ ኪቦርዱ ለኮምፒዩተሩ የሚልከው ምልክት የተለያየ ነው። በመሆኑም የፊተኛው ኪቦርድ ከኋለኛው ማሽን ጋር ሲገናኝ ልክክ ብሎ ይገባል፤ አንድም ፊደል ግን አይጽፍም። ዛሬ ምልክቱን ወደ ዩ.ኤስ.ቢ. የሚቀይሩ ትንንሽ መለወጫዎች አሉ። እንግዲህ የኪቦርዱ ዝምታ ብቻውን የሞቱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ቆቡ ሲነሣ

ምርመራው የሚጀመረው የአንዱን ቁልፍ ቆብ በማንሣት ነው። ለዚህ ተግባር ካቻቢቴ መጠቀም አይመከርም። በአንድ ጎን ተፈንቅሎ የሚነሣ ቆብ ሥሩ ያለውን ግንድ ሊሰብር ይችላል፣ ብዙዎቹ ስዊቾች ደግሞ ዛሬ አይመረቱም። ቀጭን ሽቦ በቆቡ ሁለት ጎኖች አስገብቶ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ይበቃል።

የግንዱ ጫፍ የመስቀል ቅርጽ ካለው፣ የ1980ዎቹ ሥራ በሆነ ኪቦርድ ላይ ስዊቹ ቼሪ ኤም.ኤክስ. የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። በአዳዲስ ኪቦርዶች ላይ ግን ይህ ምልክት ብዙ አያስረዳም፤ ፓተንቱ ካበቃ በኋላ ሌሎች ፋብሪካዎችም ይህንኑ ቅርጽ ያመርታሉና። በግንዱ ፋንታ አራት ማዕዘን ስንጥቅ ያለው ተንሸራታች ከታየ ደግሞ የጃፓኑ አልፕስ ወይም የእርሱ ቅጂ ነው።

ቀጥሎ ዓይን የሚስበው ቀለሙ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በቼሪ ኤም.ኤክስ. ጥቁር ግንድ ማለት ያለ አንዳች እንቅፋት ወጥ ሆኖ የሚወርድ ስዊች ነው። በአልፕስ ግን ጥቁር ተንሸራታች በጉዞው ላይ ለጣት የሚሰማ ጉብታ ያለበት ነው። ቀለም የሚያገለግለው የፋብሪካው ማንነት አስቀድሞ ከታወቀ ብቻ ነው። የሞዴል ቁጥርም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ለምሳሌ አፕል እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ኤክስቴንድድ ኪቦርድ በአልፕስ ስዊቾች የተሠራ ሲሆን፣ ተከታዩ ኤክስቴንድድ ኪቦርድ 2 ግን ኤም 3501 በሚል አንድ ቁጥር ሥር አንዳንዱ የአልፕስ፣ አንዳንዱ የሚትሱሚ ስዊቾችን ይዞ ይገኛል። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቦ መደምደም የማይበቃው ለዚህ ነው።

የሚታጠፈው ሞላ

ቆቡ ሲነሣ ግንድ ሳይሆን ከጉድጓድ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ሞላ ከታየ፣ በእጃችን ያለው የአይ.ቢ.ኤም. ታጣፊ ሞላ ነው ማለት ይቻላል። እኛ ከሁሉም ይበልጥ የምናደንቀው ይህንን ነው። ሪቻርድ ሃሪስ የተባለ የድርጅቱ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1978 ፓተንት ያገኘበት ይህ አሠራር የተመሠረተው ሊዮናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባጠናው ክስተት ላይ ነው። አንባቢ የፕላስቲክ ማስመሪያ በሁለት መዳፎቹ መካከል ከጫፍና ከጫፍ ቢጫነው፣ ማስመሪያው መጀመሪያ ይቋቋማል፤ ግፊቱ ከአንድ መጠን ሲያልፍ ግን በድንገት ወደ ጎን ይጎብጣል። ሞላውም እንዲሁ ነው። ቁልፉ ሲወርድ ይጨመቃል፣ በተወሰነ ነጥብ ላይ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥም ሥሩ ያለችውን ትንሽ መዶሻ ይገለብጣታል። ጣት የሚሰማው የመላላት ስሜት፣ ጆሮ የሚሰማው የ«ጠቅ» ድምፅና ምልክቱ የሚመዘገብበት ቅጽበት ሦስቱም የአንድ ክስተት ውጤቶች ናቸው።

ነገር ግን ታጣፊ ሞላ ሁሉ አንድ አይደለም። በ1981 የወጣው ሞዴል ኤፍ መዶሻዋ ከሰርኪዩት ቦርዱ ጋር የኤሌክትሪክ ንክኪ አታደርግም፤ ስትገለበጥ የሚለወጠው ካፓሲታንስ ነው። ከ1985 ጀምሮ የተተካው ሞዴል ኤም ግን መዶሻዋ ተደራራቢ የፕላስቲክ ሽፋኖችን በመጫን መስመሮቹን ታገናኛለች። ልዩነቱ በጥገና ጊዜ ጎልቶ ይታያል። የሞዴል ኤም ሽፋንና ላሜራ የተያያዙት በቀለጡ የፕላስቲክ ራሶች ስለሆነ፣ እነዚህ በዕድሜ ብዛት እየተሰበሩ ይረግፋሉ፤ ቁልፎቹም ይላላሉ። ጠጋኞች ራሶቹን አስወግደው፣ የፕላስቲኩን ክፍል በስተው ላሜራውን በትንንሽ ቡሎኖች ያስሩታል። በሞዴል ኤፍ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚበሳ ሰው ግን ያልታመመውን ክፍል ይጎዳል። ኪቦርዱ የሚሠራ ከሆነ ሁለቱን ሳይከፍቱም መለየት ይቻላል፦ ብዙ ቁልፎች በአንድ ጊዜ ሲጫኑ ሞዴል ኤፍ ሁሉንም ይመዘግባል፣ ሞዴል ኤም ግን ከሁለት በኋላ ሦስተኛውን ሊያግድ ይችላል። (በላቲን ኪቦርድ አማርኛን በድምፅ ዘዴ የሚጽፍ ሰው ለአብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ ስለሚመታ፣ ስለ ቁልፍ ጥራት ከሌላው ጸሐፊ ይልቅ አስተያየት ቢኖረው አይገርምም።)

ቴስተሩ ሲያሳስት

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ደርሰናል። የኤሌክትሪክ ዕውቀት ያለው ሰው ኪቦርድ ሲፈትሽ አስቀድሞ የሚያነሣው ቴስተር ነው። ሁለቱን ዘንጎች በስዊቹ እግሮች ላይ አድርጎ ቁልፉን ይጫናል፤ ካልጮኸ ስዊቹ ተበላሽቷል ይላል። ይህ ለቼሪና ለአልፕስ ትክክለኛ ምርመራ ነው። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ያሉ ሁለት ስስ ብረቶች በማግኔት ኃይል ለሚገናኙበት የሪድ ስዊችም ይሠራል፤ ማግኔት ወደ ቱቦው ሲጠጋ ቴስተሩ ይጮኻል። ነገር ግን ንክኪ የማያውቁ ስዊቾች አሉ፤ በእነዚህ ላይ ቴስተሩ ጤነኛውንም በሽተኛውንም እኩል «ሞቷል» ይለዋል።

ከእነዚህ አንዱ ኪ ትሮኒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ስፖንጅና ስስ የብረት ሽፋን ያለበት ስዊች ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የአፕል ሊሳ ኮምፒዩተር ኪቦርድ ውስጥ ይገኛል። ቁልፉ ሲጫን ስፖንጁ ሥር ያለችው ክብ ቁራጭ ወደ ሰርኪዩት ቦርዱ ትጠጋለች፣ ካፓሲታንሱም ይጨምራል። ችግሩ ስፖንጁ በዓመታት ብዛት መበስበሱ ነው፤ ሲነካ ይፈረፈራል። ቁልፎቹ አንድ ባንድ ሳይሆን በጅምላ ዝም የሚሉትም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ መበየጃ አያሻውም፤ ኤሌክትሮኒክሱ ጤነኛ ከሆነ ክብ ቁራጮቹን በአዲስ መተካት በቂ ነው።

ሌላው የሆል ስዊች ነው። ኤድዊን ሆል እ.ኤ.አ. በ1879 ገና ተማሪ ሳለ በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ማግኔት በጅረት ላይ ሲያርፍ ወደ ጎን ቮልቴጅ እንደሚፈጠር አሳየ። ከ90 ዓመታት ገደማ በኋላ የሃኒዌል ማይክሮ ስዊች ክፍል ይህን ክስተት ቁልፍ ሥር አስገባው፤ በኤም.አይ.ቲ. ዘንድ ታዋቂ የነበረው ስፔስ ካዴት ኪቦርድም በእነዚህ ስዊቾች የተሠራ ነበር። በቁልፉ ላይ ያለች ማግኔት ወደ ትንሽ ቺፕ ስትጠጋ ቺፑ ምልክት ይሰጣል። እርስ በርስ የሚፋተግና የሚበላ የንክኪ ብረት ስለሌለ ስዊቹ ረጅም ዕድሜ አለው። ቺፑ ግን ኃይል ካላገኘ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ከሁለት የሚበልጡ እግሮች ያሉት ስዊች ሲያጋጥም ቴስተሩን አስቀምጦ ኃይሉ በየት እንደሚገባ መፈለግ ይገባል።

ጽዳትም ከመለየቱ በኋላ የሚመጣ ነው። አልፕስ አቧራ በቀላሉ ያስገባል፣ አቧራ የገባበትም ሻካራ ይሆናል፤ ዘይት ቢረጩበት ለጊዜው ይለሰልሳል እንጂ ተጨማሪ አቧራ ይሰበስባል። በሞዴል ኤም ሽፋኖች መካከል የገባ ውኃ ወይም ሻይ ደግሞ ከላይ ተጠርጎ አይወጣም።

በመጨረሻም፣ ከአንድ ቁልፍ ብቻ መደምደም አይገባም፤ ቢያንስ ከፊደል ቁልፎች አንዱን፣ የባዶ ቦታውን ረጅም ቁልፍና ካፕስ ሎክን ማየት ያስፈልጋል። የባዶ ቦታው ቁልፍ ብዙ ጊዜ ጠንከር ያለ ሞላ ይሰጠዋል። በ1987ቱ የአፕል ኪቦርድ ካፕስ ሎክ ሲጫን ወርዶ የሚቆለፍ፣ ዳግም ሲጫን የሚለቀቅ የራሱ ስዊች አለው፤ እርሱን ብቻ ነቅሎ ያየ ሰው ኪቦርዱን በሙሉ በተሳሳተ ስም ይመዘግበዋል።