በቤት ቀለም ውስጥ ስላለው እርሳስ

ቤቱን ቀለም የሚያስቀባ ሰው ንጽሕናንና ውበትን ይሻል፤ ነገር ግን ቀለሙ ራሱ የጤና ጠንቅ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይኸውም እርሳስ የተባለው ከባድ ማዕድን በውስጡ ሲገኝ ነው። እርሳስ ስንል ተማሪ የሚጽፍበትን ማለታችን አይደለም፤ የዚያ ውስጡ ግራፋይት ስለ ሆነ ከስሙ በቀር የሚያገናኘው የለም።

ቀለም ሠሪዎች ቢጫውና ቀዩ እንዲደምቅ፣ ቶሎ እንዲደርቅ፣ ብረቱም እንዳይዝግ እርሳስ ይጨምሩ ነበር። ይህም የሚበዛው በውሃ በሚበጠበጠው ሳይሆን በርና መስኮት በሚቀባበት የዘይት ቀለም ነው። እንደ ከሚሴ ባለ ቆላማ አገር ፀሐይ የመታው ቀለም ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል፤ ይፈረፈራልም። ብናኙ በወለልና በደጃፍ አፈር ላይ ይቀራል። ዳዴ የሚል ሕፃንም እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ይውጠዋል።

ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ የዋጠውን እርሳስ አብዝቶ ወደ ደሙ ያስገባል። እርሳሱም በማደግ ላይ ያለውን አእምሮ ይጎዳል፤ ትምህርት የመቀበል ኀይልን ይቀንሳል፤ የደም ማነስንም ያስከትላል። በአጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተከማችቶ ከነፍሰ ጡር እናት ወደ ፅንስ ይተላለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አልተገኘም።

ስለዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 እርሳስ የበዛበትን ቀለም ለመኖሪያ ቤት ከለከለች። በአገራችንም በገበያ የነበሩ የዘይት ቀለሞች ሲመረመሩ በብዙዎቹ ከመጠን ያለፈ እርሳስ ስለ ተገኘ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 429ን አወጣ። በደንቡ መሠረት በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ሚሊግራም ሊበልጥ አይገባም።

ሆኖም ደንቡ አዲሱን ጣሳ ይቈጣጠራል እንጂ ቀድሞ የተቀባውን በር አይፍቅም። ቀሪው ሥራ የእኛ ነው።

1ኛ፤ ያልተሰነጠቀውን አሮጌ ቀለም አለመንካት፤ በላዩ እርሳስ የሌለበትን መቀባት ይበቃል።

2ኛ፤ የሚፋቀውን በውሃ እያራሱ መፋቅ እንጂ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አለመፈግፈግ፣ በእሳትም አለማቃጠል። በዚያን ጊዜ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከቤት ይራቁ።

3ኛ፤ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል።

4ኛ፤ የሕፃናትን እጅ ከምግብ በፊት በሳሙና ማጠብ፤ ምስር፣ ጎመንና ወተት መመገብ። ብረትና ካልሲየም የጎደለው ሰውነት እርሳስን አብዝቶ ይቀበላልና።

መምህራን ሆይ! የክፍሉን መስኮትና ወንበር ተመልከቱ። ትምህርት የማይገባውንም ልጅ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ጤናውን ጠይቁ፤ በእርሳስ መመረዝ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነውና። የተጎዳን አእምሮ መመለስ አይቻልም፤ መጠበቅ ግን ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።