«ሰነፍ ነው» ከማለታችን በፊት

አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፎች ለመቆለፍ ሲታገል፣ በክፍል ውስጥም ጓደኞቹ ገጹን ጽፈው ሲጨርሱ እርሱ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ሲሆን፣ ብዙዎቻችን «ሰነፍ ነው» ብለን እንደመድማለን። ይሁን እንጂ የልጁ አእምሮ ብሩህ፣ ጡንቻውም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ችግሩ ከየት መጣ? በዚህ ጽሑፍ ይህንን ጥያቄ እንመለከታለን።

የስሜት ሕዋሳት አምስት እንደሆኑ ተምረናል። ነገር ግን ከእነዚህ ሌላ በውስጠኛው ጆሮ የሚገኝ አካል የሚዛናችንን ሁኔታ፣ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ያሉ ተቀባዮች ደግሞ እጅና እግራችን የት እንዳሉ ለአንጎል ያሳውቃሉ። ዐይናችንን ጨፍነን አፍንጫችንን በጣታችን መንካት የምንችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንጎል እነዚህን መልእክቶች አቀናጅቶ እንቅስቃሴውን ያቅዳል፤ ስሕተቱንም ወዲያው ያርማል። ይህ ቅንጅት በሚገባ ካልዳበረ፣ ለሌላው ቀላል የሆነው ሥራ ለልጁ አድካሚ ይሆናል። በትምህርት ዕድሜ ላይ ካሉ ሕፃናት መካከል ከ5 እስከ 6 በመቶ የሚሆኑት የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር እንዳለባቸው ይገመታል።

እነዚህን ልጆች ከሚረዱት የሕክምና ሙያዎች አንዱ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው። ባለሙያው ልጁ ሲለብስ፣ ሲበላ፣ ሲጽፍና ሲጫወት ተመልክቶ የሚሳነውን እርምጃ ይለያል። ለምሳሌ ቁልፍ መቆለፍን በመጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ባለ ትልልቅ ቁልፍ ልብስ ያለማምደዋል፤ ቀጥሎም በራሱ ሸሚዝ ላይ። ለጽሕፈትም እግሩ መሬት የሚነካበት ወንበርና ወፈር ያለ እርሳስ ይመርጥለታል።

አሜሪካዊቷ ባለሙያ ጂን አይርስ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የስሜት ሕዋሳትን ቅንጅት ከመማር ችግር ጋር አያይዘው አብራርተዋል። ዥዋዥዌንና መሰል ጨዋታዎችን የሚጠቀመው ሕክምና ከእርሳቸው ሐሳብ የመነጨ ነው። ሆኖም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 እ.ኤ.አ. የዚህ ሕክምና ማስረጃ ውስን መሆኑን ገልጿል። በአንጻሩ ለእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር የሚፈለገውን ሥራ ራሱን ማለማመድ የተሻለ ማስረጃ አለው፤ የነርቭ ሥርዓት በይበልጥ የሚማረው የተለማመደውን ነውና።

እንግዲህ በቤታችንም ሆነ በክፍላችን እንዲህ ያለ ልጅ ሲያጋጥመን፣ ተግሣጽ ከማስቀደም ይልቅ የትኛው እርምጃ እንደከበደው እንጠይቅ። ከሚገባው በላይ እየጣረ ያለን ልጅ ሰነፍ ማለት፣ ያለውን ጥቂት ድፍረት መንጠቅ ነው።