የአይጥ ቲኤንኤፍ ስለ ሕሙማን ምን ይነግረናል?

መግቢያ

በሕክምና መጽሔቶች «በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት» የሚለው ሐረግ ዘወትር ያጋጥመናል። በብግነትና በተፈጥሯዊ የበሽታ መከላከል ላይ ከሚያተኩሩት ከእነዚህ ጥናቶች በብዙዎቹ የሚያገለግለው፣ በትንሽ ብልቃጥ ደርቆ የሚቀርብ ሪኮምቢናንት የአይጥ ፕሮቲን ነው። ይህ ጽሑፍ ቱመር ኔክሮሲስ ፋክተርን (ቲኤንኤፍ) በምሳሌነት በመውሰድ፣ ከአይጥ የተገኘ ውጤት ለሕሙማን የሚሠራው መቼ እንደሆነ ያብራራል።

ግኝቱና አዘገጃጀቱ

እ.ኤ.አ. በ1975 በኒው ዮርክ ኤልዛቤት ካርስዌል፣ ሎይድ ኦልድና ባልደረቦቻቸው ቢሲጂ የተሰጣቸውን አይጦች ኢንዶቶክሲን ወጉ። ከእነዚህ አይጦች የተወሰደው ሴረም የሌሎች አይጦችን ዕጢ እንደሚገድል ተመለከቱ። ስያሜውም ከዚሁ የመጣ ነው። በ1985 ደግሞ ብሩስ ቦይትለርና አንቶኒ ሴራሚ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ የቲኤንኤፍ ፀረ እንግዳ አካል አስቀድሞ የተሰጣቸው አይጦች ከኢንዶቶክሲን ገዳይነት እንደሚጠበቁ አሳዩ።

ፕሮቲኑን ከአይጥ ደም አጣርቶ በበቂ መጠን ማግኘት አዳጋች ነው። ስለዚህ የአይጡ ጂን አብዛኛውን ጊዜ ኢ. ኮላይ ወደተባለው ባክቴሪያ ይገባል፤ ባክቴሪያው ፕሮቲኑን ያመርታል፤ ከዚያም ይጣራል። የአይጡ ቲኤንኤፍ 156፣ የሰው ደግሞ 157 አሚኖ አሲዶች አሉት። እያንዳንዱ ሰንሰለት 17 ኪሎዳልተን ያህል ሲመዝን፣ ሦስቱ ተጣምረው ይሠራሉ። ኃይሉ የሚለካው ኤል929 የተባሉ የአይጥ ሕዋሳትን ከአክቲኖማይሲን ዲ ጋር ሆኖ ምን ያህል እንደሚገድል በማየት ነው።

ሁለት የጥንቃቄ ነጥቦች

የመጀመሪያው የዝርያ ልዩነት ነው። ቲኤንኤፍ በሕዋሳት ላይ ሁለት ዓይነት ተቀባዮች አሉት። የሰው ቲኤንኤፍ ከአይጥ አንደኛው ተቀባይ ጋር ይጣበቃል፤ ከሁለተኛው ጋር ግን አይጣበቅም። በመሆኑም ለአይጥ የሰውን ፕሮቲን ሰጥቶ የሚገኘው ውጤት ከፊሉን ሂደት ብቻ ያሳያል። በአንጻሩ ኢንፍሊክሲማብ የተባለው መድኃኒት የአይጥን ቲኤንኤፍ ስለማይዝ፣ በተራ አይጥ ላይ ብቃቱን መፈተን አይቻልም።

ሁለተኛው የኢንዶቶክሲን ብክለት ነው። ከኢ. ኮላይ የተመረተ ፕሮቲን የባክቴሪያውን ኢንዶቶክሲን ይዞ ሊቀር ይችላል። ኢንዶቶክሲን ደግሞ በራሱ ማክሮፋጆችን አነሣሥቶ ቲኤንኤፍ ያስመነጫል። ተመራማሪው የፕሮቲኑ ነው ያለው ውጤት የብክለቱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የኢንዶቶክሲኑ መጠን መለካት አለበት። ናሙናውን ማፍላትም ይረዳል፤ ፕሮቲኑ በሙቀት ሲበላሽ ኢንዶቶክሲኑ ግን ሙቀቱን ይቋቋማል። ከፈላ በኋላም ውጤቱ ካልተለወጠ ብክለትን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከአይጥ ወደ ሕሙማን

በአይጦች የታየው ውጤት በሴፕቲክ ሾክ ሕክምና ላይ ታላቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር። ሆኖም በ1996 በታተመ ጥናት፣ ቲኤንኤፍን የሚይዝ የተቀባይ ፕሮቲን በከፍተኛ መጠን የተሰጣቸው ሕሙማን የበለጠ ሞት ደረሰባቸው። አይጦቹ ፀረ እንግዳ አካሉን ያገኙት ከኢንዶቶክሲኑ በፊት ሲሆን፣ ሕሙማን ግን የሚመጡት ብግነቱ ከተቀጣጠለና ሕያው ተሕዋስያን በደማቸው ከተሠራጩ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ የታተመው ጥናት ለየት ያለ ነው። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት በፔኒሲሊን ሲታከም፣ ያሪሽ ኸርክስሃይመር የተባለው ብርቱ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት እንደሚከተል ይታወቃል። ከፔኒሲሊኑ በፊት የቲኤንኤፍ ፀረ እንግዳ አካል ከተሰጣቸው 20 ሕሙማን ይህ የታየው በ10ሩ (50 በመቶ) ሲሆን፣ ካልተሰጣቸው 29 ደግሞ በ26ቱ (90 በመቶ) ነበር። እዚህ ላይ ብግነቱ የሚነሣበት ሰዓት አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ሁኔታው ከአይጦቹ ሙከራ ጋር ይቀራረባል።

አይጦች ሌላም ማስጠንቀቂያ ሰጥተውናል። በ1995 የቲኤንኤፍ አንደኛ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች የቲቢን ባክቴሪያ መቋቋም እንደማይችሉ ታየ። በ2001 ደግሞ ኢንፍሊክሲማብ ከወሰዱ ሕሙማን መካከል 70 የቲቢ በሽተኞች መኖራቸው ተዘገበ፤ ከእነዚህም በ40ዎቹ በሽታው ከሳንባ ውጭ ነበር። ብግነትን የሚያባብሰው ይኸው ፕሮቲን የቲቢን ባክቴሪያም አግቶ ይይዛል።

ማጠቃለያ

የአይጥ ጥናት ስናነብ ሦስት ጥያቄዎችን እናንሣ፤ ፕሮቲኑና የተፈተነበት ሕዋስ ወይም እንስሳ ዝርያቸው ይጣጣማል? ኢንዶቶክሲን ተለክቷል? ሕክምናው የተሰጠው ከብግነቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የብልቃጡ ፕሮቲን ለምርምር ብቻ የተዘጋጀ በመሆኑ ለሕሙማን አይሰጥም። ቲቢ በተስፋፋበት እንደ እኛ ባለ አገር ደግሞ፣ ማንኛውም ሕሙም ፀረ ቲኤንኤፍ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ስውር ቲቢን ጨምሮ መመርመር ይገባዋል። ከጀመረም በኋላ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ወይም የዕጢዎች ማበጥ ሲታይበት፣ ሳል ባይኖረውም እንኳ ቲቢን ማሰብ ያስፈልጋል።