የዓሣ ሀብት ጠባቂ መርከቦችና ሥራቸው
የአይስላንድ ልምድ

የግጦሽ መሬት በአጥር ሊከለል፣ ወሰን ያለፈ ከብትም በእረኛ ሊመለስ ይችላል። ውሃ ግን አይታጠርም። ስለሆነም የዓሣ ሀብት ሕግ በሥራ ላይ የሚውለው ውሃው ላይ ወጥቶ የሚጠብቅና የሚለካ አካል ሲኖር ነው። ይህ ሥራ ምን እንደሚመስል ለልማት ሠራተኞችና ለዓሣ አስጋሪ ማኅበራት ለማስረዳት በሰሜን አትላንቲክ የምትገኘውን የአይስላንድ ደሴት በምሳሌነት እናቀርባለን።

አይስላንድ የሚታረስ መሬቷ እጅግ ጥቂት ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ በአዋጅ ቁጥር ከተመለከተው በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከውጭ ንግድ ገቢዋ አብዛኛውን ታገኝ የነበረው ከዓሣ፣ በተለይም ኮድ ከተባለው ዓሣ ነበር። የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ድርጅቷ የተቋቋመው በ1926 ሲሆን አስጋሪዎችን ከመቆጣጠር ሌላ አደጋ የደረሰባቸውን መርከበኞች ያድናል፤ የባሕር ካርታም ያነሣል።

የውጭ አገር መርከቦች ኮዱን እያመናመኑት ስለሄዱ መንግሥቱ የማስገሪያ ክልሉን በ1958 ወደ 12፣ በ1972 ወደ 50፣ በ1975 ወደ 200 የባሕር ማይል አሰፋ። (አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው።) ብሪታንያ በየጊዜው ተቃወመች፤ የጦር መርከቦቿንም አስጋሪዎቿን እንዲያጅቡ ላከች። የአይስላንድ ጠባቂ መርከቦች በጣት የሚቆጠሩ፣ መሣሪያቸውም አነስተኛ ነበር። ተኩሶ መርከብ ማስጠም ደግሞ የሰው ሕይወት ማጥፋት ነው፤ ጠባቂውም የተላከው ለዚያ አይደለም።

መፍትሔው የተገኘው ከማስገሪያው አሠራር ነው። ጎታች መርከብ ትልቁን መረብ በባሕሩ ወለል ላይ የሚጎትተው በሁለት ረጃጅም የብረት ገመዶች ነው። አይስላንዶች መልሕቅ የሚመስል፣ ስለት ያለው መቁረጫ ሠሩ። ጠባቂው መርከብ ይህን ከኋላው እየጎተተ ከአስጋሪው መርከብ በስተኋላ አቋርጦ ሲያልፍ ገመዱ ስለቱ ውስጥ ገብቶ ይበጠሳል። ሁለቱም ከተበጠሱ መረቡ ከነዓሣው ባሕር ውስጥ ይቀራል። መረቡ ውድ ስለሆነ ኪሣራው ከባድ ነው፤ ማንም ግን አይቆስልም። መቁረጫው ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ የዋለው መስከረም 5 ቀን 1972 ሲሆን፣ ኤጊር የተባለው ጠባቂ መርከብ ስሙንና ቁጥሩን ቀለም ቀብቶ የሸፈነ አንድ ብሪታንያዊ አስጋሪ መርከብ አግኝቶ፣ ማስጠንቀቂያው ሳይሰማ በመቅረቱ ገመዱን ቆረጠበት።

ይህ ማለት ሥራው አደጋ አልነበረበትም ማለት አይደለም። መርከቦች በተደጋጋሚ ተጋጭተዋል። በነሐሴ 1973 ኤጊር ከአንድ የጦር መርከብ ጋር ከተጋጨ በኋላ የተጎዳውን ክፍል ሲበይድ የነበረ ሠራተኛ ውሃ ገብቶበት በኤሌክትሪክ ሞቷል። ክርክሩ በስምምነት የተቋጨው ሰኔ 1 ቀን 1976 ነው።

የውጭ መርከቦች መውጣት ብቻውን ግን ዓሣውን አላዳነም፤ የአገሩ አስጋሪም በጠባብ መረብ ጫጩቱን ሊጨርስ ይችላልና። በእኛ አስተያየት ለልማት ሠራተኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው። በ1976 እና በ1977 የጎታች መረብ ዓይን ከ120 ወደ 155 ሚሊሜትር እንዲሰፋ ተደረገ። ከ1976 ጀምሮም ተቆጣጣሪዎች መርከብ ላይ ወጥተው የተያዘውን ዓሣ እየለኩ ውጤቱን ለምርምር ድርጅቱ ማስተላለፍ ጀመሩ። ለረጅም ዓመታት በሠራው ደንብ መሠረት ከተለኩት ኮዶች ውስጥ ከ55 ሴንቲሜትር የሚያንሱት ከ25 በመቶ ካለፉ ያ ሥፍራ ወዲያውኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ይዘጋል። አስጋሪው የሚቀጣው ሥፍራው መዘጋቱ ከታወጀ በኋላ ገብቶ ሲያሰግር ነው እንጂ ትንንሽ ዓሣ ስለገጠመው አይደለም። እንዲህ ባይሆን ኖሮ የያዘውን ደብቆ ወደ ባሕር ይጥለው ነበር።

አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም በሐይቆቻችን ያለው ችግር ከዚህ የራቀ አይደለም። በጣና ሐይቅ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ለመራባት የሚወጣው ነጭ ዓሣ በወንዞቹ አፍ በተዘረጋ መረብ እንቁላሉን ሳይጥል ይያዛል። አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ ሥልጣን ሰጥቷል፤ ሆኖም ተቆጣጣሪ በሌለበት ሰዓት መለኪያው ሊኖር የሚገባው በማኅበሩ እጅ ነው።

የመረብ ዓይን በሚለካበት ጊዜ መረቡ እርጥብ መሆን አለበት። አንዱን ዓይን ይዞ ሁለቱ ትይዩ ቋጠሮዎች እስኪራራቁ ድረስ ያለ ኃይል መወጠርና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በማስመሪያ ማንበብ ነው። አንድ ዓይን ብቻ ለክቶ መፍረድ ስሕተት ስለሆነ፣ ከተለያየ የመረቡ ክፍል ሃያ ያህል ዓይኖች ተለክተው አማካዩ ባለመረቡ በተገኘበት ይመዘገባል።